የሐጂ ደብተር

መጽሔቱ ጅማ የሚገባው ሰኞ ነበር። አዲስ አበባ ቅዳሜ የወጣው ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ሁለት ቀን አልፎታል። በአውቶቡስ ይመጣል፣ ከጆንያና ከጎማ ጋር ጣሪያ ላይ ታስሮ። ወሊሶን፣ ወልቂጤን፣ ጊቤን ያልፋል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ ይደርሳል። የጅማን ዝናብ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። ዳር ዳሩ የረጠበ መጽሔት ሲደርቅ ይቆረፍዳል፣ ገጾቹም እየተጣበቁ ያስቸግራሉ። ዛሬም ድረስ «ነፃ ፕሬስ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የዚያ ወረቀት ሽታ ነው።

ተቀባዩ ሐጂ ነበሩ። መርካቶ፣ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፣ ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። ሐጂ እንበላቸው እንጂ መካ አልሄዱም። «ስሙን እናንተ ሰጣችሁኝ፣ ቲኬቱን ማን ይስጠኝ?» ይሉን ነበር። ሳሙና፣ ባትሪ፣ ክብሪትና ደብተር ይሸጣሉ። ከደጃፉ ሲባጎ ወጥረው መጽሔቱን በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅሉታል። ከሲባጎው ሥር ሦስት የጅማ በርጩማዎች አሉ፣ መሀላቸው በመቀመጥ ብዛት ተወልውሎ የሚያበራ።

ገዢ ጥቂት ነው። ተከራይ ግን ሞልቷል። ሁለት ብር ከፍለህ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለህ ታነባለህ። ሲመሽ ትመልሳለህ። የታመነ ሰው ቤቱ ይዞት ያድራል፤ ያኔ ስሙ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው። ሐጂ በዝርግ የእጅ ጽሑፋቸው የሰውየውን ስም፣ የመጽሔቱን ስምና ቀኑን ይጽፋሉ። ያልተከፈለ ካለ ጎኑ ላይ ጭረት ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንዲት ቅጂ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሃያ ሰው እጅ ገባች። ያን ጊዜ ኮራሁ። አንባቢ ሕዝብ ነን አልኩ። አዘጋጆቹ ከሃያው አንባቢ የአንዱን ዋጋ ብቻ እንደሚያገኙ ያሰብኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ የትኛው መጽሔት እንደማወራ በዚያ ዘመን ወጣት የነበረ ያውቃል። በ2006 ሲባጎው ላይ ፋክት፣ አዲስ ጉዳይ፣ ሎሚ፣ እንቁ፣ ጃኖ ይሰቀሉ ነበር። ቀድሞ የሚያልቀው፣ ማለትም ቀድሞ የሚከራየው፣ ፋክት ነው።

ፋክት ከሰማይ ዱብ አላለም። ከሱ በፊት ተመስገን ደሳለኝ የሚያዘጋጀው ፍትሕ የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። ሐምሌ 2004 ላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ታመዋል እየተባለ አገሩ በሹክሹክታ ሲታመስ፣ ጋዜጣው ስለ ሕመሙ ጻፈ። 30,000 ቅጂ ታትሞ እንዳይሰራጭ ታገደ። ፍትሕም በዚያው ቀረ። ቀጥሎ አዲስ ታይምስ የሚባል መጽሔት መጣ፤ ወራት ሳይቆይ ቆመ። ልዕልና የሚባል ጋዜጣ ተሞከረ፤ እሱም ቆመ። ከዚያ ፋክት። ሐጂ አዲሱን ስም ከሲባጎው ላይ ሲሰቅሉ «ሰውየው ስም ይለውጣል እንጂ ጠባይ አይለውጥም» ብለው ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር ፋክት ስሙ ፋክት ይሁን እንጂ ከዜናው ክርክሩ ይበዛ ነበር። ጽሑፎቹ ረጃጅም ናቸው። አንዳንዴ ሦስት ገጽ አንብበህ «ስለዚህ ምን ሆነ?» ትላለህ። ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ሰው አነጋግሮ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነበር። ለነገሩ ማን በሩን ይከፍትላቸዋል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለግል መጽሔት መረጃ በማይሰጥበት ዘመን አስተያየት መብዛቱ አይገርምም። ያም ሆኖ ከተማው የሚያወራው ሰኞ የመጣውን ነበር። ጫት ቤት፣ ቡና ጠጡ ላይ፣ ፈረንጅ አራዳ ያሉት ካፌዎች ውስጥ፣ «አነበብከው?» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንድ ጓደኛዬ ሳያነብ ማክሰኞ ለታ ሲከራከር ይዤዋለሁ። ርዕሱን በመስኮት አይቶ ነው።

ይህ ወግ ከኔ አልጀመረም። አባቴ የጦቢያ ሰው ነበር። አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ መጽሔትና ጋዜጣ እንደ እንጉዳይ ሲፈላ፣ እሱ ከሁሉም መርጦ የያዘው ጦቢያን ነው። ሙሉጌታ ሉሌ የሚጽፈውን ሲያነብ ድምፅ ያወጣል። እናቴ «ቀስ በል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው» ትለዋለች። በ1990 የጦቢያ ሰዎች በታሰሩ ማግስት ቢሮው በእሳት ጋየ። አባቴ ያን ሰሞን ስለ እሳቱ አንድ ቃል አልተናገረም። የቆዩትን ቅጂዎች ግን ከመደርደሪያው አውርዶ ከአልጋው ሥር አስገባቸው። ሙሉጌታ ከዓመታት በኋላ ተሰደደ፣ በ2008 አሜሪካ ሳለ አረፈ። ከ1997 ምርጫ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አስኳል፣ ሳተናው፣ ምኒልክ ከገበያ ጠፉ፣ አዘጋጆቹም ቃሊቲ ገቡ። አዲስ ነገር ከ2000 እስከ 2002 ኅዳር ኖረች፤ አዘጋጆቿ አገር ጥለው ሄዱ። በየጊዜው አንድ የሚነበብ ነገር ይበቅላል። በየጊዜው ይታጨዳል። እኛም ሰኞ ሰኞ እንጠብቃለን።

በ2006 አጋማሽ ላይ የመንግሥት ጋዜጣ ሰባት መጽሔቶችን «አጥንቶ» ጥፋታቸውን ዘረዘረ። ሚያዝያ ላይ የዞን 9 ጦማሪዎች ሲያዙ ከአዲስ ጉዳይ አስማማው ኃይለጊዮርጊስ አብሮ ታሰረ። ሐጂ ያን ሰሞን መጽሔቶቹን ከደጃፍ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከሳሙናው ካርቶን ኋላ። የሚፈልግ በስም ይጠይቅ አሉ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ኢድ አልፎ ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። ፍትሕ ሚኒስቴር አምስት መጽሔቶችንና አንድ ጋዜጣ መክሰሱን በቴሌቪዥን ሰማን። ፋክት፣ ሎሚ፣ አዲስ ጉዳይ፣ እንቁ፣ ጃኖ፣ እና አፍሮ ታይምስ ጋዜጣ። ሲባጎው በሙሉ ተከሰሰ ማለት ነው።

እኔ ያኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን በሳምንቱ ስብሰባ ጠራ። «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት የነገሠበት ጊዜ ነው። ሰብሳቢው ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ ቆይቶ መሀል ላይ «አንዳንድ ሠራተኞች የት ቁጭ ብለው ምን እንደሚያነቡ እናውቃለን» አለ። ማንንም አላየም። እኔ ግን እኔን ያየ መሰለኝ። አብረውኝ የነበሩት አምስቱም እነሱን ያየ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ማታውኑ ሐጂ ጋ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ሐጂ፣ ስሜን ከደብተሩ ይሰርዙልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ደብተሩን ከመሳቢያ አወጡ፣ ገጹን ፈለጉ፣ ከሥሩ ቀደዱት። ገጹ ላይ የኔ ብቻ ሳይሆን የሌላም አሥር ሰው ስም ነበር። አጠፍ አደረጉና ኪሳቸው ከተቱት። «ሂድ፣ ዝናብ ሳይብስ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሰኞው ጥቅል ቀጠነ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ከአሥር በላይ ጋዜጠኞች አገር ለቀው ወጡ። በ2007 መጀመሪያ ላይ የፋክት፣ የሎሚና የአዲስ ጉዳይ ባለቤቶች በሌሉበት ከሦስት ዓመት በላይ እስር ተፈረደባቸው። ተመስገን አልሸሸም። ጥቅምት ላይ፣ በቀድሞው ጋዜጣ በፍትሕ ላይ በወጡ ጽሑፎች ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ዝዋይ ገባ። የወጣው ጥቅምት 2010 ነው። እኔ ደግሞ በዚያ መሀል ሁለት ጊዜ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ። ይህን መጻፍ ደስ አይልም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰችብኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ሀምቡርግ ትኖራለች። ባለፈው ለእረፍት ስትመጣ ለእናቴ ያመጣችውን የብርጭቆ ማስቀመጫ በመጽሔት ጠቅልላው ነበር። ሽፋኑ ዙሪያውን ቀይ ጠርዝ አለው። ወረቀቱን ልጥለው ስል ዓይኔ ላይ ቀረ። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ሽፒገል ነው፣ ‹መስታወት› ማለት ነው። በየሳምንቱ ይወጣል። እኛ ጋ እንኳን ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስበውም ይፈራዋል» አለችኝ። እሷ ወደ ቡናው ዞረች። እኔ ግን ብዙ ሌሊት ስለዚህ መጽሔት ሳነብ አደርኩ።

አጀማመሩ የሚያስቅ ነው። ጀርመን በጦርነት ተሸንፋ በአራት ኃይሎች እጅ ባለችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 መጨረሻ፣ ሃኖቨር ከተማ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ለጀርመኖች የዜና መጽሔት ምን እንደሚመስል እናሳያቸው ብለው አንዱን ጀመሩ። ስሙ «ይህ ሳምንት» ነበር። ወጣቶቹ ጀርመኖች ትምህርቱን ቶሎ ያዙት። አስተማሪዎቻቸውን እንግሊዞችን ራሳቸውን መተቸት ጀመሩ። ለንደን ተቆጣ። መኮንኖቹ «እንግዲያው ራሳችሁ ያዙት፣ ስሙን ግን ለውጡ» ብለው አስረከቧቸው። የያዘው ሩዶልፍ አውግሽታይን የ23 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያው ሽፒገል እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1947 ወጣ። ወረቀት በራሽን ስለነበር የታተመው 15,000 ብቻ ነው። አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታየኝ። ሐጂ ሃኖቨር ቢሆኑ ኖሮ ያተርፉ ነበር።

ሽፒገልን ሽፒገል ያደረገው ግን 1962 ነው፣ እንደነሱ አቆጣጠር። መጽሔቱ በዚያን ጊዜ ሀምቡርግ ከገባ አሥር ዓመት ሆኖታል። በጥቅምት ወር ኮንራድ አህለርስ የሚባል ጋዜጠኛ ስለ ጀርመን ጦር ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ኔቶ ባካሄደው የጦር ልምምድ ላይ የጀርመን ጦር ያገኘው ውጤት ዝቅተኛው ነበር፤ «አገር ለመከላከል ያለው ዝግጁነት የተወሰነ ነው» የሚል። ርዕሱም ያው ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ምሽት፣ ፖሊስ ቢሮውን ወረረ። ዓለም ያን ሳምንት በኩባ ሚሳይል ምክንያት ትንፋሹን ውጦ ነው። አህለርስ ከሚስቱ ጋር ስፔን ለእረፍት ሄዶ ነበር። እዚያው ተያዘ። አውግሽታይን እጁን ሰጥቶ 103 ቀን ታሰረ። ሽማግሌው መሪ አዴናወር ፓርላማ ቆመው አገራችን የክህደት ገደል አፋፍ ላይ ናት አሉ። ክህደት የምትባለዋን ቃል እኛም አሳምረን እናውቃታለን።

እዚህ ድረስ ሳነብ ታሪኩ የኛው መስሎኝ ነበር። ስሞቹን ብቻ ብትቀይራቸው ይበቃል። የተለየው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ፖሊስ የሽፒገልን ክፍሎች ዘግቶ ለአንድ ወር ያህል ሲበረብር ከረመ። ሕንፃው ውስጥ ግን ሌሎችም ነበሩ። ዲ ሳይት የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ሽተርን የሚባል መጽሔት፣ የከተማው ዕለታዊ ጋዜጣም። ገበያ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች ናቸው። ክፍል ለቀቁላቸው። ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ የጽሕፈት መኪና ሰጧቸው። የሽፒገል ሰዎች የተፎካካሪያቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚቀጥለውን ሳምንት ዕትም ሠሩ። አታሚው አተመ። አከፋፋዩ አከፋፈለ። ውጭ ደግሞ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፍራንስ ዮሴፍ ሽትራውስ ስፔን ላይ በተፈጸመው እስር እጄ የለበትም ብሎ ነበር። ራሱ ማድሪድ መደወሉ ታወቀ። የጥምር መንግሥቱ አጋር ፓርቲ አምስት ሚኒስትሮች ሥልጣን ለቀቁ። ሽትራውስም ወንበሩን አጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማስረጃ የለም ብሎ በጋዜጠኞቹ ላይ የቀረበውን ክስ ሳይቀበል ቀረ።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስተርክላት እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ትሰማለች። «ታዲያ ዕድር ነበራቸው በለኛ!» አለች።

ከኔ የተሻለ አስረዳችው። ቤትህ ሲቃጠል ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ጀበናውን የሚያመጣው ዕድር ነው። በሰላሙ ቀን ያኮረፈህ ጎረቤት ሳይቀር ይመጣል፤ ካልመጣ ይቀጣላ።

ሽፒገልን መልአክ ማድረግ አልፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የናዚ የስለላ መኮንን የነበሩ ሰዎችን ቀጥሮ አሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክላስ ረሎትየስ የሚባል ተሸላሚ ጋዜጠኛው ያልነበሩ ሰዎችን ፈጥሮ፣ ያልተባለ አስብሎ ሲጽፍ መኖሩ ተጋለጠ። ያጋለጠው ባልደረባው ነው። መጽሔቱም ራሱ አተመው። መስታወትም ይዋሻል ማለት ነው።

ወደኛ ልመለስ። እኛ ጋ ድንኳኑ በማን እጅ ነበር? በአብዛኛው በአንድ ማተሚያ ቤት። ብርሃንና ሰላም በ1914 በራስ ተፈሪ የተቋቋመ አንጋፋ ቤት ነው። የመንግሥት ነው። ሚያዝያ 2004 ላይ ለአሳታሚዎች አዲስ የኅትመት ውል አቀረበ። አንቀጽ 10 ላይ፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ማተሚያ ቤቱ አላትምም ማለት ይችላል ይላል። ቅድመ ምርመራ በ1985 በፊት ለፊት በር ወጥቶ በጓሮ በኩል ተመለሰ። አሳታሚዎቹ ጮኹ። እኛ ጅማ ሆነን ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሰማነው። የወረቀትና የቀለም ጉዳይ መስሎን ነበር። አንድን መጽሔት ለመግደል ጸሐፊውን ማሰር እንኳ ግድ እንዳልሆነ አልገባንም። አታሚው ማሽን ተበላሸ ካለ ይበቃል። አከፋፋዩ አላነሳም ካለ ይበቃል።

ከአከፋፋዩ በኋላ ደግሞ የአውቶቡሱ ረዳት አለ፣ ሐጂ አሉ፣ ሲባጎው አለ፣ በርጩማው አለ። የመጨረሻው ጫፍ ላይ እኔ አለሁ፣ ሁለት ብር የምከፍለው። ማተሚያ ቤቱን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ያን ማታ በዝናብ ሄጄ «ስሜን ይሰርዙልኝ» ያልኩት ግን ማንም ውል አስፈርሞኝ አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ሆን ብዬ የገባሁት ያን ቀን ነው። ሲባጎው የለም። ልጃቸው የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር ይሸጥበታል። ወጣቶች ደጃፉ ላይ ቆመው ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ይከራከራሉ። በርጩማዎቹ ግን ሁለቱ አሉ። አንዱ ላይ ሐጂ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ።

ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቡና ዋጋ ተጠያየቅን። ስለ ጀርመኑ መጽሔት ነገርኳቸው። ስለ ጎረቤቶቹ ጠረጴዛ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያቺን ገጽ ምን አደረጓት?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«የትኛዋን?»

«ያን ማታ የቀደዷትን።»

ትንሽ አሰቡ። «እሳት አያያዝኩባት። ሻይ አፈላሁ።» ሳቁ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱብኝ። «አንተ ጉርባ፣ ወረቀቷ ተቃጠለች እንጂ ዕዳው አልተቃጠለም። የሦስት መጽሔት ኪራይ አለብህ።»

እውነታቸውን ነው። ሦስት ጭረት ነበረብኝ። ኪሴ ውስጥ ዝርዝር አልነበረም። ልጃቸው የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና በቴሌብር ላክሁ፣ ስድስት ብር። ሐጂ ስልኩ ጢን ሲል «ገባ?» ብለው ልጁን ጠየቁት። «ገባ፣ አባዬ» አላቸው።